«ኬሚስትሪ ደረሰኝ፤ ልተወው?»

«ይድረስ ለእትዬ። ጤና ይስጥልኝ። የአዘዞ ልጅ ነኝ። የፍሬሽማን ዓመቴን እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ዲፓርትመንት ስንሞላ አንደኛ ፋርማሲ፣ ሁለተኛ ሜዲካል ላቦራቶሪ ብዬ ነበር። ኬሚስትሪን የጻፍኩት ስድስተኛ ላይ ነው፤ እሱው ደረሰኝ። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛታለሁ። ዘንድሮ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላት ‹ተይውና በግል ኮሌጅ ፋርማሲ ላስገባሽ› እያለችኝ ነው። አጎቴ ደግሞ ‹ኬሚስትሪ የተማረ ወይ ጠመኔ ይዞ ይቀራል፣ ወይ ቤቱ ይቀመጣል› ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱን አልጠላሁትም። ፍሬሽማን ላይ ኤ ካገኘሁባቸው አንዱ እሱ ነው። ግን ተመርቄ ምን ልባል ነው? ፋርማሲ የተማረ ፋርማሲስት ይባላል። ሰፈራችን ውስጥ ኬሚስት የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው ምን ደረሰሽ ሲለኝ አፍራለሁ። ምዝገባ ሊደርስ ስለሆነ ቶሎ ይመልሱልኝ።
የአዘዞዋ»

የአዘዞዋ ልጄ፣ በመጀመሪያ ያንን የዕቁብ ብር ማንም እንዳይነካው። ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ ይቀመጥ። እኔ 26 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ለኬሚስትሪ አድልታ ትናገራለች ብትዪኝ አልቀየምም። እንዲያም ሆኖ የምነግርሽ ሁሉ የሚያስደስትሽ አይሆንም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ትምህርቱን እንደማትጠዪው የጻፍሽው አንድ ቦታ ነው። ስለ ሰው አፍ የጻፍሽው ግን ሦስት አራት ቦታ ነው፤ አጎትሽ ምን አሉ፣ ሰፈሩ ምን ያውቃል፣ ምን ልባል፣ ሲጠይቁኝ አፍራለሁ። ሁለቱ ጥያቄዎች ተጠላልፈውብሻል። አንዱ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ አንዱ የስም። ለየብቻ እንያቸው።

ስሙ ይቅደም፤ እሱ ይቀላል። እውነትሽን ነው፣ በየሰፈሩ ኬሚስት የሚባል ሰው የለም። ፋርማሲስትና ነርስ በፈቃድ የሚሠሩ ሙያዎች ናቸው፤ ፈቃዱ ስሙንም አብሮ ይሰጣቸዋል። መድኃኒት ቤት ያለ ፋርማሲ ባለሙያ አይከፈትም። ኬሚስት ካልቀጠርክ አትከፍትም የሚባል ሱቅ ግን የለም። ኬሚስትሪ የተማረው ሰው በሌላ ስም ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ስትቆሚ «ኬሚስት» የሚል ርዕስ ብትፈልጊ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብትቆሚ ላታገኚ ትችያለሽ። ዓይንሽን ዝቅ አድርገሽ «የትምህርት ዝግጅት» የሚለውን መስመር አንብቢ። «የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ»፣ «የላቦራቶሪ ተንታኝ»፣ «የውሃ ጥራት ባለሙያ»፣ «የምርት ፈረቃ ኃላፊ»፣ «የኬሚካል ሽያጭ ባለሙያ» ይላል ርዕሱ፤ ከሥሩ «በኬሚስትሪ፣ በኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ በኬሚካል ምህንድስና ወይም ተመሳሳይ» ይላል። አንቺ ያለሽው እዚያች መስመር ውስጥ ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ደመወዝ የበላሁባቸው መደቦች አራት ናቸው፤ በአንዳቸውም ላይ ኬሚስት የሚል ቃል አልነበረም።

እንግዲህ ስም የማይሰጥ ዲግሪ ከሆነ ምኑን ብለው ይቀጥሩሻል? እጅሽን ነው። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ስለሆነ ልንገርሽ።

የተመረቅሁበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። መምህራኑ ጥሩ ነበሩ፤ ላቦራቶሪው ግን ለ40 ተማሪ 3 ብዩሬት ነበረው፤ ብዩሬት ፈሳሽ በጠብታ እየለካ የሚያወርድ ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቻችን ከጀርባው ቆመን ቁጥር እንገለብጣለን። ሪፖርቱ ላይ ሁላችንም 18.4 ሚሊ ሊትር ብለን እንጽፋለን፤ ሁላችንም ጥሩ ውጤት እናገኛለን። በተመረቅሁ በዓመቱ አንድ ፋብሪካ ለፈተና ጠራኝ። የጽሑፉን በቀላሉ አለፍኩ። ከዚያ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ፊቴ አስቀምጠው «ጥንካሬውን ለክተሽ አምጪልኝ» አሉኝ። የውሃ ጥንካሬ ማለት የተሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ሳሙና አረፋ የሚከለክለው እሱ ነው። ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። አመልካች ቀለም ያለበት ውሃ ላይ ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል ሲጨመርበት ቀለሙ ከወይን ጠጅ ቀይ ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥም አውቃለሁ። ብዩሬቱን ግን እንዴት እንደምይዘው አላውቅም። ጫፉ ላይ የቀረውን አየር አላየሁትም። ቀለሙ ሊለወጥ ሲል ጠብ ጠብ ማድረግ ሲገባኝ ቧንቧውን ከፍቼ ለቀቅሁት። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር መጣ። ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ የትኛው ላይ ልፈርም?» አሉኝ።

አልቀጠሩኝም። ትክክል ነበሩ።

ሙያው እሳቸው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። አንድ መኪና ብቅል ከመራገፉ፣ አንድ ታንክ ቢራ ከመታሸጉ፣ አንድ ዙር የሳል ሽሮፕ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ለክቶ «ይህ ቁጥር ልክ ነው» ብሎ ይፈርማል። ቁጥሩ ቢሳሳት ሸማቹ ይታመማል፣ ወይም ፋብሪካው ሚሊዮን ብር ያፈስሳል። ለዚያ ፊርማ ነው ደመወዝ የሚከፈልሽ። ይህን ዓይነት ሥራ፣ ማለትም አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስቱም እስኪገጥሙ ድረስ አለመተኛትን፣ የምትወጂ ከሆነ ኬሚስትሪ ቤትሽ ነው። የሚያሰለችሽ ከሆነ ደግሞ ኤ ብታመጪም ቤትሽ አይደለም።

እስቲ ከደጅሽ እንነሳ። ጎንደር የፋብሪካ ከተማ አይደለችም፤ ያለው ግን ለኬሚስትሪ የቀረበ ነው። የብቅል ፋብሪካውን ውሰጂ። ከደጋው ገብስ የጫነ መኪና በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚገናኘው ከላቦራቶሪ ጋር ነው። ከጆንያዎቹ ናሙና ይወሰዳል፤ እርጥበቱ ይለካል፣ ፕሮቲኑ ይለካል፣ ስንቱ ፍሬ እንደሚበቅል ይታያል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጎተራ ውስጥ ይሻግታል። ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ቢራው ይደፈርሳል፣ የሚወጣው የስኳር መጠንም ይቀንሳል። ከ100 ፍሬ 95ቱ ካልበቀለ ደግሞ ለብቅል አይሆንም። አንድ ገበሬ ያመጣው ገብስ ይገባል ወይም ይመለሳል፤ ያንን የሚወስነው ነጭ ጋውን የለበሰ አንድ ልጅ ነው። ከባድ ኃላፊነት ነው፤ ገበሬው ፊት ለፊትሽ ቆሞ እያየሽ ነው። ዳሽን ቢራ ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል፤ የውሃው ጥንካሬ፣ የአሲዱ መጠን፣ አልኮሉ፣ ጠርሙሱ ውስጥ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሁሉም የሚለካ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። ይህን ሥራ ሰው አያየውም እንጂ እኔ ከሁሉ የማከብረው ነው። ክረምት ገብቶ የአንገረብ ግድብ ሲደፈርስ ያ ጭቃ ውሃ ወደ ቧንቧሽ የሚደርሰው ጠርቶ ነው። እንዴት? አሉም የሚባል ጨው ይጨመርበታል፤ ዓይን የማያየው የሸክላ ብናኝ እርስ በርሱ ተያይዞ ይከብድና ይዘቅጣል። ስንት አሉም? ይህ በየቀኑ የሚለያይ ነው። ስለዚህ የጣቢያው ባለሙያ ስድስት ብርጭቆ ይደረድራል፤ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ይጨምራል፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ያማስላል፤ አስቀምጦ የትኛው እንደጠራ ያያል። የዚያን ዕለት የከተማዋ መጠን እሱ ነው። ከዚያ ክሎሪን ይመጣል። ቤትሽ ቧንቧ ላይ ሲደርስ በአንድ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ያህል ሊቀር ይገባል፤ ከዚያ ሲያንስ መንገድ ላይ የገባበትን ጀርም አይገድልም፣ ሲበዛ ደግሞ እናትሽ ጥንስሱ ሽታው ተለወጠ ትላለች። ውሃው በፈረቃ መምጣቱን ሁላችንም እናማርራለን፤ ሲመጣ የማያሳምም መሆኑን ግን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም ኬሚስትሪ የተማረ ነው።

ከዚህ ወደ ምዕራብ መተማ አለልሽ። ሰሊጡ ስለ ዘይቱ ነው የሚገዛው፤ የፍሬው ግማሽ ያህል ዘይት ነው። ዘይት ሲቆይ አሲዱ ከፍ ይላል፣ ሽታውና ጣዕሙም ይበላሻል፤ ሁለቱም የሚለኩበት መንገድ አላቸው። የቡሬና የደብረ ማርቆስ ዓይነት ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ያለዚያ ልኬት አይሠሩም። ዕጣኑም ከዚያው ከመተማ ነው። ቡና ስታፈዪ የምታጨሺው ዕጣን ሽታ በአብዛኛው ኦክታይል አሴቴት ከሚባል ንጥረ ነገር እንደሚመጣ ብነግርሽ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ስትገቢ ኤስተር የሚባለውን የውህድ ዓይነት አትረሺውም፤ ይህም አንዱ ኤስተር ነውና። ዕጣናችን በጥሬው በጆንያ እየተጫነ መሄዱ፣ ዘይቱን ሌላ አገር አጣርቶ በጠብታ መሸጡ እኔን ሁልጊዜ ያበግነኛል። ይቅርታ፣ ከነገሬ ወጣሁ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ስኳር ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ የማዕድን ምርመራ፣ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር፣ የፖሊስ ፎረንሲክ፣ የአካባቢ ጥበቃ፤ ሁሉም ውስጥ የላቦራቶሪ ክፍል አለ። አብዛኛው ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ዙሪያ ነው፤ መድኃኒቱ ለምሳሌ ቂሊንጦ። ከጎንደር መውጣትን መቀበል ይኖርብሻል ማለት ነው። እናትሽን ትቼ አልሄድም ካልሽ ያ ምርጫሽን በጣም ያጠበዋል፤ ይህን ዛሬ አስቢበት።

አሁን ወደ አጎትሽ። የተናገሩት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ክፍት የሥራ ቦታው ከተመራቂው ያንሳል። የጀማሪ ደመወዝ ትንሽ ነው። «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ስታነቢ ታለቅሻለሽ። በየቦታው ዘመድ ያለው ይቀድምሻል፤ እኔም ቀድመውኛል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ካላመጣሽ አራት ዓመት ተምረሽም ዲግሪውን አትይዢም። ጠመኔውን በተመለከተ ግን አጎትሽን እጣላቸዋለሁ። ማስተማር የወደቀ ሰው የሚጠለልበት ዋሻ አይደለም። በመጀመሪያ ነገር በኬሚስትሪ ዲግሪ ብቻ ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም፤ የማስተማር ሥልጠና ይጨመርበታል። ሁለተኛ፣ አንቺ «አልጠላሁትም» ያልሽው አንድ መምህር በደንብ ስላስተማረሽ ይሆናል። ደመወዙ አነስተኛ መሆኑን አልክድም። እንደ ስድብ መነሳቱ ግን ይቆጨኛል።

ፋርማሲውስ? እዚህ ላይ ረጋ በዪ። ፋርማሲን ለምን እንደፈለግሽው በደብዳቤሽ አንድም ቃል የለም። «በሽተኛ ፊት ቆሜ መርዳት እወዳለሁ» ብለሽ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር፤ ያንን የሚተካ ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ የለምና። የጻፍሽው ግን «ፋርማሲስት ይባላል» የሚለውን ብቻ ነው። ምናልባት የሚስብሽ መድኃኒቱ ራሱ ከሆነ ልዩነቱን ልንገርሽ። ፋርማሲስቱ «ይህ ክኒን ለዚህ ሰው ይስማማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኬሚስቱ «ክኒኑ ላይ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ 500 ነው ወይ?» ይላል። በብሪታንያው የመድኃኒት መመዘኛ ከ95 እስከ 105 በመቶ ድረስ ይፈቀዳል፤ ከ475 ቢያንስ ወይም ከ525 ቢበልጥ ዙሩ ሁሉ አይወጣም። ያንን የሚለካው ኤች ፒ ኤል ሲ የሚባለው መሣሪያ ፊት የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ መድኃኒት የሚወስደው መንገድ በኬሚስትሪም በኩል አለ፤ በጓሮ በር ቢሆንም።

የግል ኮሌጁን ጉዳይ በሂሳብ እንየው። የእናትሽ ዕቁብ የስንት ሴሚስተር ክፍያ ነው? የአንዱን ዓመት ከሆነ የሚቀጥለውን ማን ይከፍላል? ኮሌጁ ፋርማሲን በዲግሪ ለማስተማር፣ ያውም በዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? ፈቃዱን በዓይንሽ ካላየሽ፣ ባለሥልጣኑንም ካልጠየቅሽ አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። ተመራቂዎቹ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ያልፋሉ ወይ? ሁለቱን ፈልገሽ አነጋግሪ። ደግሞም የጤና ተመራቂ ዛሬ እንደ ድሮው ሥራ እየጠበቀው አይደለም፤ እኔ በማውቃቸው ቤቶች ውስጥ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የተቀመጠ ነርስም ፋርማሲስትም አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሁን የምትከፍዪው የለም፤ የወጪ መጋራቱን ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ነው የምትከፍዪው። እናትሽ በጭስ ዓይኗ እየቀላ ያጠራቀመችውን ብር ለስም ብቻ ማውጣት ከባድ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ኬሚስትሪውን ተማሪ። የምትማሪው ግን እኔ በተማርኩበት መንገድ አይሁን።

ላቦራቶሪ በገባሽ ቁጥር ብዩሬቱን የምትይዢው አንቺ ሁኚ። ሴቶች ልጆች ይህን አታደርጉም፤ አውቃለሁ፣ እኔም አላደረግሁም። ወንዶቹ ዕቃውን ይሻማሉ፣ ሴቶቹ ጽሕፈቱ ያምርላችኋል ተብለን መዝገብ ይሰጠናል። አምጣ በዪው። ከላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ ጋር ተዋወቂ፤ ከመምህሩ ይልቅ መሣሪያውን የሚያውቀው እሱ ነው። ዕቃ ማጠብ፣ የኬሚካል ብጥብጥ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ ብትዪው ደስ ይለዋል፤ ረዳት አጥቶ የሚቸገር ሰው ነው። የራስሽ ደብተር ይኑርሽ። የተሳሳተውን ቁጥር አታጥፊው፤ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፊ። በየትኛውም ደህና ላቦራቶሪ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ የተፋቀ ቁጥር ካዩ ውሸታም ነሽ ብለው ነው የሚነሱት።

ኮርሶቹን በተመለከተ ተማሪው ሁሉ ኦርጋኒክን ይፈራል፤ ኬሚካሎቹ እንዴት እንደሚለዋወጡ በቃል ለመያዝ ስለሚሞክር ነው። ኤሌክትሮኑ ከየት ወደየት ይሄዳል ብለሽ ብትከተይ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። እንጀራ የሚያስገኝልሽ ግን አናሊቲካል፣ ማለትም የመለካቱ ኬሚስትሪ ነው። እሱንና መሣሪያ ነክ የሆነውን ኮርስ በደንብ ያዢ። ኤክሴል ልመጂ፤ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ) አውጥተሽ፣ የካሊብሬሽን መስመር (የመሣሪያው ንባብ ከታወቀ መጠን ጋር የሚነጻጸርበትን) ሠርተሽ ማሳየት ካልቻልሽ መሣሪያውን ማወቅሽ አይታይም። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሪፖርት ያለ ስህተት መጻፍ ልመጂ። የክረምት ዕረፍትሽን ወደ ብቅል ፋብሪካው፣ ወደ ውሃ አገልግሎቱ፣ ወደ ቢራው ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ ያለ ክፍያ ለአንድ ወር ልሥራ በዪ። ሁለቱ ይመልሱሻል፤ አንዱ ያስገባሻል። «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ በኋላ ስታነቢ ቢያንስ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል።

ሰፈር ውስጥ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እያመረቱ የሚሸጡ ወጣቶች ይኖራሉ። ተመርቀሽ ሥራ ብትጠብቂ ይህም አንድ መንገድ ነው፤ ካፒታሉ ትንሽ ነው፣ ሥራውም ነውር የለበትም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሳኒታይዘር ወደ ማምረት የዞሩት የኬሚስትሪ ክፍሎቻቸውን ይዘው ነው። ልዩነቱ አንቺ የምታመርቺው ሳሙና አሲዱና ቤዙ የተለካ ይሆናል፤ እጅ አይልጥም። እግረ መንገዴን፣ በረኪና ከአሲድ ጋር እንዳይቀላቀል እቤትሽም ንገሪ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ላቦራቶሪ ውስጥም አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሪ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳታፈስሺ።

ከዲግሪው ወዲያ ማስተርስ አለ፤ ምግብ ሳይንስ፣ አካባቢ፣ ማቴሪያል፣ ፎረንሲክ፣ የምትሄጂበት ብዙ ነው። አንድ ነገር ላስታውስሽ። እንዶድ ታውቂያለሽ፤ ነጠላ ይታጠብበታል። በፈረንጆቹ 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣዋ ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ናት፤ ጣና ዳር ያለ ሰው በሽታውን ያውቀዋል። ያየው ዓይን የሥነ ሕይወት ባለሙያ ዓይን ነው። ፍሬው ውስጥ የሚገድለው ምንድን ነው የሚለውን ግን ነጥሎ ማውጣት የኬሚስት ሥራ ሆነ፤ ንጥረ ነገሩም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በፈረንጆቹ 1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ደንቢያ ያለ ገበሬ በየዓመቱ የሚጠብቀው ዩሪያስ? 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ያ ናይትሮጅን ከአየር ላይ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የተያዘ ነው። እስከ ዛሬ በመርከብ ነው የሚመጣልን። ነሐሴ 2017 ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ለመትከል ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ጎዴ ከአዘዞ ሩቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሲቆም ግን ፈራሚ ይፈልጋል።

አጎትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። ቡና ሲጠጡ ጠብቀሽ «የፋሲል ግንብ በምን ተያይዞ ነው የቆመው?» በያቸው። በኖራ ይሉሻል። ከዚያ ንገሪያቸው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። ውሃ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ይሟሽሻል። ግንቡ ላይ ከገባ በኋላ የለቀቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ ቀስ ብሎ መልሶ ይስባል፤ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። አያቶቻችን ድንጋይን ዱቄት አድርገው፣ አሸዋ ቀላቅለው፣ እንደገና ድንጋይ አደረጉት። ያ ግንብ ሲታደስ ሲሚንቶ ለምን እንደማይስማማው፣ የድሮው ልስን ስንት እጅ ኖራ ስንት እጅ አሸዋ እንደነበረ የሚታወቀው ከልስኑ ትንሽ ተወስዶ አሲድ ውስጥ ሲሟሟ ነው፤ ኖራው ይሟሟል፣ አሸዋው ይቀራል፣ ይመዘናል። ያም ኬሚስትሪ ነው። አጎትሽ ላይረቱ ይችላሉ፤ ቡናው ግን በሰላም ያልቃል።

ለእናትሽ ግን ሌላ ነገር በያት። እሷ ካንቺ መምህራን በፊት ያስተማረችሽ ነገር አለ። ድፍድፉ ሲፈላ መጀመሪያ የሚወጣው ተን ለምን አልኮል እንደሚበዛበት፣ የመጀመሪያው ጠብታ ለምን አፍንጫ እንደሚሰረስር፣ መጨረሻ ላይ ለምን እየቀጠነ ውሃ ውሃ እንደሚል፣ ዳግም አረቄ ለምን እንደሚበረታ፣ ይህን ሁሉ በዓይንሽ አይተሽዋል። ክፍል ውስጥ ዲስቲሌሽን ብለው ሲያስተምሩ ሌላው ተማሪ ሥዕል ያያል፤ አንቺ ግን የእናትሽን ማሰሮና ሸምበቆ ታያለሽ። ከዚህ በኋላ ሰፈር ውስጥ ምን ደረሰሽ ሲሉሽ ማፈሩን ትተይው ዘንድ አልለምንሽም፤ እፍረት በልመና አይለቅም። ኬሚስትሪ በዪና ዝም በዪ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ቴርሞሜትር ከዩኒቨርሲቲው ቴክኒሻን ተዋሺ፤ እግረ መንገድሽንም ትተዋወቂያለሽ። ቅዳሜ እናትሽ እሳት ስታነድድ ከአረቄው ራቅ አድርገሽ አንድ ማሰሮ ንጹሕ ውሃ ጣጂ። መጽሐፉ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል ይላል። ያ ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ይሳሳል። እኔ ሳስበው 93 አካባቢ ልታገኚ ይገባል። ሦስት ጊዜ ለኪ። ከዚያ ጻፊልኝ፤ የትኛው ላይ እንደምትፈርሚ ጭምር።